«ሃከር መሆን እፈልጋለሁ» ላላችሁኝ ተማሪዎች፣ ለወላጆቻችሁና ለመምህሮቻችሁ

ባለፈው እትም በስልክ ስለሚደረግ ማጭበርበር ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። የጠየቁኝ ስለ አጭበርባሪዎቹ አይደለም። «አንተ የምትሠራውን ሥራ እንዴት ልጀምር?» ነው የሚሉት። ሥራዬ የአንድ የገንዘብ ተቋም ኮምፒዩተሮችና ኔትዎርክ ላይ የሚሞከር ጥቃትን መከታተል ነው፤ ከባልደረቦቼ ጋር በፈረቃ እናድራለን። እኔ ራሴ 11ኛ ክፍል ሳለሁ እንዲህ የሚባል ሥራ መኖሩን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። አምስት ደብዳቤ መርጬ አሳጥሬ አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከደሴ። ሃከር መሆን እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ የትምህርት ቤታችን ውጤት ያለበትን ሲስተም ሰብሬ እንድገባ እየገፋፉኝ ነው። ምንም ሳልነካ ገብቼ ብወጣና ክፍተቱን ለትምህርት ቤቱ ብነግር ጥሩ ሥራ አይሆንም? ደግሞ ላፕቶፕ የለኝም፣ ያለኝ ስልክ ነው። በምን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትግባ። ምንም ባትነካም፣ ሐሳብህ ቅን ቢሆንም፣ አትግባ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ወይም ኔትዎርክ ውስጥ መግባትን ራሱን ነው ወንጀል ያደረገው። «ምን ሰረቀ? ምን አጠፋ?» ብሎ አይጠብቅም። ቀላል የሚባለው እንኳ እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣል። የወንጀል ሕጋችን ደግሞ 15 ዓመት ያለፈውን ልጅ በመደበኛው ድንጋጌ ነው የሚጠይቀው። ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችል ይሆናል እንጂ «ተማሪ ነኝ» ማለት ብቻውን አያድንም።

የተቋማትን ሲስተም ሰብረው እየገቡ ደካማ ጎኑን የሚፈትሹ ባለሙያዎች አሉ፤ ደመወዝ የሚበሉትም በዚሁ ነው። ግን ኪቦርድ ከመንካታቸው በፊት ውል ይፈርማሉ። የትኛው ሲስተም ይፈተሻል፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምኑ አይነካም፣ ሌሊት አንድ ነገር ቢበላሽ ለማን ይደወላል፣ ሁሉም ተጽፎ ይቀመጣል። ያ ወረቀት ከሌለ እነሱ የሚሠሩትና ሌባ የሚሠራው አንድ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤትህ ሲስተም ላይ አንድ ነገር ደስ ካላለህ፣ ሳትሞክረው፣ ለአይሲቲ መምህርህ ያየኸውን ብቻ ንገራቸው።

«በሩ ክፍት ሆኖ ካገኘሁትስ?» ትለኝ ይሆናል። መጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን አስታውስ። አንድ ሌሊት ሲስተሙ ተዛብቶ ሰዎች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛመተና ተማሪው ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበት፣ ችግሩ ሲስተሙ ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ተናገረ። ማንም ምንም አልሰበረም ማለት ነው። ያም ሆኖ የወሰዱት ሁሉ እንዲመልሱ ተጠየቁ፣ ያልመለሱ ሰዎች ስም ከነፎቶው በአደባባይ ወጣ። ክፍት በር ፈቃድ አይደለም። እኔ ሥራ ፈላጊ ስጠይቅ ከቴክኒኩ በፊት የምመዝነው ይህችን ነገር ነው፤ ምክንያቱም የምንሰጠው ቁልፍ የብዙ ሺህ ሰው ገንዘብ ያለበትን በር ይከፍታል።

አንድ ታሪክ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ «ገንዘብ ክፈሉ» አለ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሕመምተኛ መመለስ ጀመሩ። ያስቆመው ማርከስ ሃቺንስ የሚባል የ22 ዓመት እንግሊዛዊ ነው። የቫይረሱን ኮድ ሲያነብ ማንም ያላስመዘገበው አንድ የድረ ገጽ ስም አገኘ፤ ከ10 ዶላር ብዙም በማይበልጥ ዋጋ በራሱ አስመዘገበው፣ ቫይረሱም መዛመቱን አቆመ። ዓለም «ጀግና» ብሎ ጠራው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ግን አሜሪካ ላስ ቬጋስ ላይ ታሰረ። ከዓመታት በፊት፣ ገና ልጅ ሳለ፣ የባንክ ደንበኞችን መረጃ የሚሰርቅ ሶፍትዌር ጽፎ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ከተጉላላና ጥፋቱን ካመነ በኋላ ዳኛው ተጨማሪ እስር ሳይፈርዱበት ለቀቁት። እሱ ዕድለኛ ነው። አንተ ግን ዕድሜህ 17 ሆኖ የምታደርገው ነገር 22 ዓመትህ ላይ ደጅህን ሊያንኳኳ እንደሚችል ከእሱ ተማር።

አሁን ወደ ደስ የሚለው እንምጣ። ስልክ ይበቃሃል። አንድሮይድ ከሆነ ቴርሙክስ የሚባል አፕ ጫን፤ ስልክህ ላይ የሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተርን የሚያስኬድ ነፃ ሥርዓት ነው) ትእዛዝ መጻፊያ ይከፍትልሃል። ከዚያ «ኦቨር ዘ ዋየር» የሚባለውን ድረ ገጽ ፈልግና «ባንዲት» የሚለውን ጨዋታ ጀምር። ነፃ ነው፤ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነም ዳታ ብዙም አይበላም። ከ30 በላይ ደረጃ አለው። እያንዳንዱ ደረጃ የሚቀጥለውን የይለፍ ቃል ደብቆ ይዟል፣ እሱን ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራህ። የመጀመሪያው በጣም ቀላል ነው። ሁለተኛው ላይ ስሙ አንዲት ሰረዝ ብቻ የሆነ ፋይል ይጠብቅሃል፤ ልትከፍተው ስትል ኮምፒዩተሩ ሰረዟን እንደ ስም አይቆጥራትም፣ ዝም ብሎ ካንተ ሌላ ነገር ይጠብቃል። ብዙ ሰው እዚያ ጋ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። እኔም ተቀምጫለሁ። መልሱን ከዩቲዩብ አትቅዳ፤ እንቆቅልሹ ሲፈታልህ የሚሰማህን ስሜት ለማንም አትስጥ፣ በዚህ ሙያ ለዓመታት የሚያቆይህ እሱ ነው።

እንዲህ ሰብረህ እንድትገባ ተብለው የተሠሩ ቦታዎች ሞልተዋል። የአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው ፒኮሲቲኤፍ አለ፤ 13 ዓመት የሞላው ሁሉ በነፃ ይመዘገባል፣ የትእዛዝ መጻፊያው ብራውዘር ውስጥ ስለሆነም ምንም መጫን አያስፈልግም። ፈቃዱ አስቀድሞ ተሰጥቶሃል፣ እንደፈለግህ ሰባብር።

በቴሌግራም «በአንድ ወር ሃከር እናደርግሃለን» እያሉ ብር የሚጠይቁትን ግን እለፋቸው። እባክህ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ልጄ 12ኛ ክፍል ነው፣ ጎበዝ ነው። እኛ ሐኪም እንዲሆን ነበር የምንፈልገው፣ እሱ ሳይበር ካልሆነ ብሏል። ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ስልኩ ላይ ነው። ይህ እውነት ሥራ ነው? እንጀራ ይሆናል?

መልስ፦ እናቴ፣ ይሆናል። ሐኪም እንዲሆን መመኘትዎን አልነቅፍም፤ የእኔም እናት እንዲሁ ነበሩ። ግን ከእርስዎ ቤት ብቻ ብንነሳ፣ ደመወዝዎ በባንክ ይገባል፣ ለእድር በቴሌብር ይልኩ ይሆናል፣ ፋይዳ መታወቂያ ለማውጣት አሻራዎን ሰጥተዋል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በ2013 ነው፣ ኤምፔሳ በ2015 ገባ። በጥቂት ዓመት ውስጥ የስንቱ ሰው ገንዘብና መረጃ ወደ ኮምፒዩተር እንደገባ ያስቡት። ያንን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው መረጃ የሚይዝ ተቋም ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ በሕግ ተጥሎበታል። ሰኔ 2012፣ በሕዳሴ ግድብ ሙግት ወቅት፣ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች የመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ጥቃት መሰንዘራቸውን ኢንሳ፣ ማለትም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ አስታውቆ ነበር። ያኔ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው የተከላከሉት እንደ ልጅዎ ያሉ ልጆች አድገው ነው።

ሥራው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። እንደ እኔ በፈረቃ ስክሪን ላይ ዓይኑን ተክሎ «ይህች መልእክት ለምን ሌሊት 9 ሰዓት ከዚህ ኮምፒዩተር ወጣች?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። ጥቃት ከደረሰ በኋላ እንደ መርማሪ ፖሊስ ዱካ የሚፈልግ አለ። ኦዲት የሚያደርግ፣ ሠራተኛ የሚያሠለጥን፣ የሕጉን ጎን ይዞ የሚከራከር አለ። አብዛኛው ጊዜ ደግሞ ሥራው ጸጥ ያለ ነው፣ ሪፖርት መጻፍ ይበዛበታል። ፊልም ላይ እንደሚታየው አይደለም፤ ይህን ለልጅዎ ይንገሩልኝ።

ሌሊቱን በተመለከተ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። ይተኛ። የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶ ካላመጣ በመደበኛው መንገድ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። ኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ለመማር ደግሞ መጀመሪያ በሩን ማለፍ አለበት። ከፈተናው በኋላ ክረምቱ አለለት። ኢንሳ ለወጣቶች የሚያዘጋጀው የክረምት የሳይበር ታለንት ሥልጠና አለ፤ ማስታወቂያውን በራሱ በኢንሳ ገጽ ይከታተል። በ2016 ሐምሌ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነፃ ፕሮግራሚንግ ያስተምራል፣ መሠረት ይሆነዋል።

አንድ ነገር ይሞክሩ። አንድ ቀን ቡና ላይ «እስኪ የምትሠራውን አሳየኝ» ይበሉት። ባይገባዎትም ይስሙት። ዓይኑ እየበራ ካስረዳዎ ደህና መንገድ ላይ ነው። የማያውቁት ገንዘብ ከመጣለት ወይም የሌላ ሰው አካውንት እንደከፈተ ካወራ ግን ያን ዕለት ቆም ብለው ያነጋግሩት።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ነኝ፣ የአይሲቲ መምህር። ተማሪዎቼ ስለ ሳይበር ደህንነት ሙያ እንዲያውቁ ክበብ ማቋቋም እፈልጋለሁ። ካሉን 25 ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት 9 ናቸው። ኢንተርኔት የለንም ማለት ይቻላል። መብራትም እንደምታውቀው ነው። ከምን ልነሳ?

መልስ፦ መምህር፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያለዎት ነገር ከሚያስቡት በላይ ነው።

መብራት በሌለበት ቀን በወረቀት ይጀምሩ። ፊደላችን ሰባት ቤት አለው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ልጆቹ እያንዳንዱን ፊደል አንድ ቤት ወደፊት እንዲገፉት ያድርጉ፤ ሳብዕ ላይ የደረሰው ወደ ግዕዝ ይመለሳል። «ሰላም» «ሱሌሞ» ይሆናል። በወፍ ቋንቋ እየተነጋገሩ ያደጉ ልጆች ወዲያው ይገባቸዋል። ቁልፉ ማለት ስንት ቤት እንደተገፋ ነው። ከዚያ ክፍሉን ለሁለት ከፍለው አንዱ ወገን ምስጢር ይጻፍ፣ ሌላው ቁልፉን ሳይነገረው ይፍታ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ተማሪ «ቁልፉ እኮ ከስድስት አይበልጥም፣ ሁሉንም መሞከር ነው!» ይላል። እዚያ ላይ ያስቁሙት። በባለሙያ ቋንቋ የኃይል ሙከራ የሚባለውን ጥቃት ራሱ አገኘው ማለት ነው። የስልክ ፒን አራት አሃዝ ሲሆን 10,000 አማራጭ አለው፣ ስድስት አሃዝ ሲሆን 1 ሚሊዮን። ግን ሰው የተወለደበትን ዓመት ፒን ካደረገ ሌባው የሚሞክረው ከመቶ ያነሰ ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ያስሉት። ያን ዕለት ማታ ስንቱ ልጅ የአባቱን ፒን እንደሚያስቀይር ያያሉ።

ትንሽ ጎበዞቹን ደግሞ እንዲህ ይበሏቸው፦ በአማርኛ ጽሑፍ ከሁሉ የሚበዛው ሳድስ ነው። ከማንኛውም መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ወስደው ይቁጠሩ። ስለዚህ በተቆለፈው ጽሑፍ ላይ የበዛው ቤት የትኛው እንደሆነ ያየ ሰው፣ አንድም ሳይሞክር ቁልፉን ያውቃል። ሳብዕ ከበዛ ቁልፉ አንድ ነው፣ ግዕዝ ከበዛ ሁለት። ምስጢር የሚፈታ ሰው ሥራ በብዛት ይህ ነው፤ መቁጠርና ማስተዋል።

የማይሠሩትን 16ቱን አይጣሏቸው። ልጆቹ ይፍቱአቸው። ራም የቱ ነው፣ ሀርድ ዲስክ የቱ ነው፣ ከሦስቱ ተለቃቅሞ አንድ ይነሳ ይሆን? እኔ እምነቴ ነገሩ እንዴት እንደተገጣጠመ ያላየ ሰው እንዴት እንደሚሰበርም፣ እንዴት እንደሚጠበቅም አይገባውም የሚል ነው። ከተማ ሲወጡ ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ አውርደው ያምጡ፣ ያረጀ ማሽን ላይም ይሠራል።

ዘጠኙን ኮምፒዩተር በአንድ ስዊች (ኮምፒዩተሮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው ሣጥን) እና በኬብል ያገናኟቸው። ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንዱ ላይ የይለፍ ቃል የምትጠይቅ፣ ያልተመሰጠረች ቀላል ገጽ ይሥሩ። ዋየርሻርክ የሚባለውን፣ በኔትዎርኩ የሚያልፈውን መረጃ የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ያንኑ ኮምፒዩተር ላይ ይክፈቱና አንድ ተማሪ ከሌላው ማሽን የፈጠራ ስምና የይለፍ ቃል እንዲያስገባ ያድርጉ። የጻፈው ቃል እንዳለ፣ ቁልጭ ብሎ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ክፍሉ ጸጥ ይላል። የድረ ገጽ አድራሻ መጀመሪያ ላይ ያለችው «https» ለምን እንደምታስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ፈቃድ ይውሰዱ። እያንዳንዱ የክበቡ አባልም «እዚህ የተማርኩትን ከዚህ ክፍል ውጭ ያለ ፈቃድ አልሞክርም» ብሎ ይፈርም፣ ወረቀቱም ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ልጆቹ የፈረሙትን ያከብራሉ፣ ትልቅ ሰው እንደሆኑ ይሰማቸዋል።

ኮምፒዩተር የማይወዱትንም አይርሱ። ድራማ የሚወዱ ልጆች በሚኒ ሚዲያ «እድለኛ ነዎት፣ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» የሚለውን አጭበርባሪ ይሥሩት። ሰውን በወሬ ማታለል ከጥቃቶች ሁሉ የተለመደው ስለሆነ፣ እሱን ማስተማር ራሱ በሙያው ውስጥ ሥራ ነው። በአካባቢዎ ካለ የባንክ ቅርንጫፍ ወይም ዩኒቨርሲቲ አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ይጋብዙ፤ ንግግር አያድርግ፣ ልጆቹ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ሳይበርፓትሪዮት የሚባል ውድድር ውስጥ ግቢ ብሏታል። እውነቱን ልናገርና ሴኪዩሪቲ ሲባል እኔ የማውቀው የማታ ጥበቃውን ነው፤ 14 ዓመት ሠርቼበታለሁ። ይህ ምንድን ነው? ይጠቅማታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትግባ። ሥራው ከእርስዎ ሥራ ብዙም አይርቅም፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የቱ በር ሳይቆለፍ ቀረ ብሎ ማየት ነው። ውድድሩን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚያካሂደው ቀድሞ የአየር ኃይል ማኅበር ይባል የነበረው፣ አሁን የአየርና የጠፈር ኃይሎች ማኅበር የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው። ልጆቹ ከሁለት እስከ ስድስት ሆነው ይቧደናሉ። ሆን ተብሎ ክፍተት የተተወበት ዊንዶውስና ሊኑክስ ይሰጣቸዋል፣ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ክፍተቱን እያገኙ መድፈን ነው። ውድድሩ ውስጥ ሰብሮ መግባት የለም። እንዲያውም ለጀማሪ ልጅ ከመከላከል መጀመር የተሻለ ይመስለኛል።

የምትኖሩበት ቦታ ለዚህ ሙያ የታደለ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ዋና መሥሪያ ቤት ፎርት ሚድ፣ እዚያው ሜሪላንድ ነው፤ በዙሪያው ብዙ ኩባንያ አለ። ኮሌጅ ስትደርስ ሳይበርኮርፕስ የሚባለውን የፌዴራል ስኮላርሺፕ ትጠይቅ። የትምህርት ክፍያና የኪስ ገንዘብ ይሰጣል፣ በምትኩ የተማረችበትን ያህል ጊዜ ለመንግሥት ትሠራለች። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላት መሆን አለባት።

አንድ ምክር አለኝ። ምስጢራዊ ሥራ ውስጥ ለመግባት የሚደረገው ማጣሪያ ጥልቅ ነው፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይጠየቃል፣ ማሪዋና ይጠየቃል፣ ያልተከፈለ ዕዳ ይጠየቃል። አዲስ አበባ አክስት ስላለቻት ብቻ አይጥሏትም። የሚጥለው መደበቅ ነው። ከአሁኑ ቤት ውስጥ ይህን ተነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ 10ኛ ክፍል ነኝ፣ ከጅማ። ሒሳብ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፣ ወንዶቹ ደግሞ «ይህ የሴት ሥራ አይደለም» ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትተዪው። ከእኔ ጋር በፈረቃ ከሚሠሩት ሁሉ ስህተት ሲያጋጥም መጀመሪያ የምናማክራት ሴት ናት። ልጆቹ የሚያወሩት ስለማያውቁት ነገር ነው። ሒሳብን በተመለከተ፣ የምስጢር ጽሑፍ ሊቅ ለመሆን ከፈለግሽ ብዙ ሒሳብ ይጠይቅሻል። ለቀረው ሥራ ግን የ10ኛ ክፍሉን ሒሳብ በደንብ መያዝ ይበቃል፤ ይልቅ እንግሊዝኛ ማንበብሽን አጠናክሪ፣ የሙያው ጽሑፍ ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ ነው። ሲስኮ ኔትዎርኪንግ አካዳሚ ነፃ የጀማሪዎች የሳይበር ደህንነት ትምህርት አለው፣ በስልክሽ መከታተል ትችያለሽ።

ከፍ ብዬ ለመምህሩ የጻፍኩትን ዘዴ መልሰሽ አንብቢና ይህን ፍቺው። ሳትሞክሪ፣ በመቁጠር ብቻ።

ቱሙሁሩቱ በቱ ዙጉ ናዉ

መልሱን ከነቁልፉ ላኪልኝ።